ውሃ ጋግረህ ነው የተመረቅከው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሚሰማችሁ የጎረቤት ውሻ ነው፤ ቻሉት።

ሰሞኑን አንድ ሰው "ቴርሞዳይናሚክስ ተምረህ ምን ሠራህ?" ብሎ ያዘኝ። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነበርኩ፤ መጨረሻ ላይ ቴርማል፣ ማለትም የሙቀቱ ዘርፍ፣ ገባሁ። ዲፓርትመንታችን ውስጥ ብዙ ጭንቅላት የፈጀው ሥራ ሮኬት አይደለም። ምጣድ ነው።

አትሳቁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ባለ 9 ዋት አምፖል 390 ያህል በአንዴ አበራችሁ ማለት ነው። ካርድ የሚሞላ ሰው ሁሉ ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል።

የመመረቂያ ሥራችን ምጣዱ ከሥር የሚያባክነውን ሙቀት መቀነስ ነበር። ከምጣዱ በታች ያለው ጄሶ ሥር ሙቀት እንዳያመልጥ ፋይበርግላስ አስገባን። ከዚያ መለካት መጣ። አምስት ወንዶች ነን፤ አንዳችንም መጋገር አንችልም። ስለዚህ ሊጡን ትተን ውሃ አፈሰስን። ስንት ግራም ተነነ፣ ቆጣሪው ስንት ቆጠረ፣ አካፍል፤ ውጤታማነቱ ወጣ። ግራፉ ያምር ነበር። A አገኘን። ስለ ግቢው አላወራም፣ ስሙንም አልጠራም፤ አሠራሩ ግን ደንበኛ ነበር፣ ማንም አልጠየቀንም።

የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ቤት ሄጄ በኩራት ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና "ውሃ ጋግረህ ነው የተመረቅከው?" አለችኝ።

ይህች ነገር ውስጤ ቀረች። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ቴርሞካፕል፣ ጫፉ የነካውን ነገር ሙቀት የሚለካ ሽቦ፣ ገዛሁና ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ጓዳ ገባሁ። ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ፈጀ። ጫፉን ሸክላው ላይ ሳስነካው 200 ዲግሪ አለፈ። እናቴ ማየት አላስፈለጋትም። ጎመን ዘር በተን አድርጋ በማሰሻው ስትወለውል ነው "ደርሷል" ያለችው። ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሀል እያዞረች አፈሰሰች። ቁጥሩ ዘጭ አለ፤ ወደ 130። ዐይኑ መውጣት ሲጀምር አክንባሎውን ከደነች። እንጀራው ሲነሳ ቁጥሩ ቀስ እያለ ተመለሰ። እሷም እስኪመለስ ጠበቀች። ቁጥሩን ግን አንድ ጊዜም አላየችም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፣ አትጥፉብኝ። ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ማለት 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አንድ እንጀራ ራሱ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ሊጥ ማሞቅና ጥቂት ውሃ ማትነን፣ በእኔ ስሌት 0.1 ገደማ ይበቃዋል። ምጣዱን ማጋል ብቻ የዘጠኝ እንጀራ ኃይል በላ ማለት ነው፣ ገና ምንም ሳይጋገር! ሦስት እንጀራ ብቻ ጋግራችሁ ካጠፋችሁ ያ ወጪ ለሦስት ይካፈላል። ሠላሳ ከጋገራችሁ ለሠላሳ።

ልጅ እያለሁ እናቴ ጋግራ ስትጨርስ በአጥር በኩል ትጣራ ነበር። "ምጣዱ ግሏል፣ ሊጥሽን አምጪው!" ጎረቤታችን ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች። እኔ ይህን መልካም ጉርብትና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሒሳቡ ታየኝ። እኛ በፋይበርግላስ ጥቂት ፐርሰንት ለማዳን ወራት ፈጀን። እነሱ ለባልዲ መንገድ ከፍተው የሁለተኛዋን ሴት የማሞቂያ ወጪ እንዳለ አስቀሩት። የእኛ ሙከራ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያፈስሰው፤ ይህን ሊያይ አይችልም።

ይሁንና ዩኒቨርሲቲ ምንም አልሠራም እያልኩ አይደለም። ምርጥ ምድጃን አስታውሱ፤ ያ ከሲሚንቶ የሚሠራው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ እንጨት ያድናል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ኖርዌይ ትሮንድሃይም ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በፀሐይ እንጀራ ጋገሩ። መስታወቱ ፀሐይዋን አንድ ቦታ ይሰበስባል፣ እንፋሎት ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ምጣዱ ይወስዳል። በፈረንጆቹ 2014 ያሳተሙትን ሳነብ አንድ ቁጥር ላይ ቆምኩ። ሁላችንም እንደ ሕግ የያዝነው እንጀራ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይፈልጋል የሚለውን ነበር። እነሱ 150 ገደማ ላይ ጋገሩ።

ቆይ፣ እንዴት? ሳስበው ግን ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሊጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ላዩ ከዚያ ብዙም አያልፍም። 200 የሚፈልገው እንጀራው አይደለም። ሸክላው ነው፤ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሊጥ ቀድሞ ማጠራቀም አለበት። ከሥር ያለማቋረጥ እንፋሎት የሚመጣለት ምጣድ ያን ያህል መቆለል አያስፈልገውም። እኛ የሸክላውን ጠባይ ለካንና የእንጀራው ነው ብለን ጻፍን። እኔም ጽፌያለሁ፣ ገጽ 14 ላይ።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። 150 ላይ ጋግረዋል አልኳት። መስታወቱንም እንፋሎቱንም አስረዳኋት። አልተደነቀችም። "ዐይኑስ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ቴርሞካፕሉን ይዤ ልሄድ ነው። ምጣዷን 150 ላይ ይዘን እንሞክራለን። ሊጥ ግን ለሙከራ የፈቀደችልኝ የአንድ እንጀራ ብቻ ነው።