ትንፋሹን ስንረዳ አፍንጫውን እንዳንጎዳ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አብራችሁን የተገኛችሁ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ሐኪሙ ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ጥናታቸውን ካሳተሙ ወዲህ ሲፓፕ፣ ማለትም ሳያቋርጥ አየር በግፊት እየሰጠ ሕፃኑን መተንፈስ የሚያግዘው ማሽን፣ የስንቱን ሕፃን ነፍስ እንዳተረፈ ታውቃላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከማሽኑ ጋር አብሮ የለመድነው ነገር ነው። «ዋናው መተንፈሱ ነው፤ አፍንጫው ይድናል» እንላለን። ሁልጊዜ ግን አይድንም። የአፍንጫው መሃል ግድግዳ ከተበላ ጠባሳው አብሮት ያድጋል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውም አለ። የቆሰለ ቆዳ ለጀርምም በር ይከፍታል።

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የላይኛው ቆዳው ገና አልጠነከረም። የሚገባው አየር እርጥብ ነው፤ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። በዚያ ላይ ፕሮንጉ፣ አየሩን ወደ አፍንጫው ቀዳዳ የሚያስገባው አጭር ቱቦ፣ ሌት ተቀን ሲጫነው ደም እንደልብ አይደርስም።

አየር ሲያፈተልክ፣ አላርሙ ሲጮህ፣ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ማሰሪያው ነው። ጠበቅ እናደርገዋለን። እባካችሁ፣ መጀመሪያ መጠኑን እዩ። ትንሽ ፕሮንግ ለስላሳ ይመስለናል፤ ግን ያፈተልካል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይፍቃል። ልኩ የአፍንጫውን ቀዳዳ ሞላ የሚያደርገው ነው፤ የቀዳዳው ጠርዝ ከነጣ ግን በዝቷል። በፕሮንጉና በአፍንጫው መሃል ግድግዳ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር። ቱቦውን የሚይዘውን ኮፍያም አትርሱ። ሕፃኑ ሲያድግ ኮፍያው ይጠብበታል፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ይንሸራተትና ቱቦውን ይጎትተዋል።

ማየት ማለት ከሩቅ ቃኝቶ ማለፍ አይደለም። ፕሮንጉን ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ፤ በባትሪ አብርታችሁ የአፍንጫውን መሃል ከሥር እዩ። ቀላ ያለውን ቦታ በጣት ጫፍ ጫን ስታደርጉት ቅላቱ ካልጠፋ ጉዳቱ ጀምሯል። ያኔውኑ ለውጡ፣ መዝግቡ፣ ለተረካቢው ተናገሩ። ይህን ማየት በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ፣ ከሌላው እንክብካቤ ጋር አያይዛችሁ ብታደርጉት ሕፃኑም አይረበሽም።

የሕፃኑ ሁኔታ ከፈቀደ ፕሮንግንና አፍንጫውን ከላይ የሚሸፍነውን ማስክ ማፈራረቅ ይረዳል። ፕሮንግ መሃሉን ይጫናል፤ ማስክ ደግሞ የአፍንጫውን ድልድይና ከአፍንጫው በታች ያለውን። ሲፈራረቁ አንዱ ቦታ ያርፋል። ሃይድሮኮሎይድ የሚባለው ቆዳን የሚከላከል ለስላሳ ፕላስተርም ጥሩ ነው፤ ግን ከመቁሰሉ በፊት ይለጠፍ እንጂ እስኪቆስል አይጠበቅ። ከተለጠፈም በኋላ ማየቱ አይቀርም።

ኃላፊዎች፣ አንድ መጠን ብቻ ገዝታችሁ ስታበቁ ነርሷን «ለምን ቆሰለ?» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ፕሮንጉም ማስኩም ኮፍያውም በየመጠኑ መደርደሪያው ላይ ይኑር። አንዲት ነርስ ከአቅሟ በላይ ሕፃናት ከያዘች ደግሞ ያንን አፍንጫ በሰዓቱ ማን ያየዋል?

እናቶች፣ አባቶች፣ ደረታችሁ ላይ ስታቅፏቸው ያንን ፊት ከማንም በላይ በቅርበት የምታዩት እናንተ ናችሁ። «ቀልቷል» ለማለት አትፈሩ። እኛም «ቆይ፣ በኋላ» ሳንል ተነስተን እንይ።

አመሰግናለሁ።