የማን ክንድ ይበልጣል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ዲሲ መሀል መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፣ ስለዚህ የአምቡላንስ ጩኸት ከሰማችሁ ታገሱኝ።

የዛሬው ወሬ ቤዝቦል ነው። አውቃለሁ፣ ግማሻችሁ አሁኑኑ ልትዘጉት ነው። ትንሽ ቆዩ። እኔም ድሮ እንደናንተው ነበርኩ፣ "ይሄ ምን ጨዋታ ይባላል፣ ሰው ቆሞ ሱፍ እየፈለፈለ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ" እል ነበር። ግን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ስትሠራ ጓደኛህ ሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮው ደግሞ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ቤዝቦል ነው፣ አንድ ቡድን ብቻ 162 ጨዋታ ነው ያለው፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ሳላስበው ገባሁበት።

ጋራዡ ውስጥ ሁለት ባልደረቦች አሉኝ። አንዱ ሽማግሌ ናቸው፣ የባልቲሞር ሰው። በልቤ ጋሼ ባልቲሞር ነው የምላቸው። እንግሊዝኛ ላይ አንቱ ስለሌለ እንጂ ፊት ለፊትም አንቱ በሆነ። ሌላው የኔ እኩያ ነው፣ አትላንታ ተወልዶ ያደገ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የሚከራከሩበት ነገር አንድ ነው፦ ምርጥ ፒቸሮች የነበሩት የትኛው ቡድን ነው? እኔ ቁልፍ እያቀበልኩ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ጋሼ ዞር ብለው "አንተስ? ስንት ዓመት ዝም ብለህ ትሰማለህ፣ ማንን ትላለህ?" አሉኝ። አፌ ተያዘ። ደግነቱ መኪና መጣና አመለጥኩ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፒቸር ማለት ወርዋሪው ነው። ከ18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ላይ ይወረውራል፣ የፈጣኖቹ ኳስ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ መቺው ልምታ አልምታ ለማለት ግማሽ ሰከንድ እንኳ የለውም። አንድ ቡድን አምስት ያህል ጀማሪ ወርዋሪዎች አሉት፣ በተራ ይጀምራሉ፣ ከዚያ አራት አምስት ቀን ያርፋሉ። የቀሩት ቡልፔን የሚባለው ቦታ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ጀማሪው ሲደክም ይገባሉ።

ለምን ያርፋሉ የሚለውን ማንም አላስረዳኝም፣ አላስፈለገኝምም። እኔ ያደግሁት ወሎ ነው፣ ማሽላ አገር። ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጀግና ነህ። ሦስተኛው ቀን ላይ ክንድህን እስከ ትከሻህ ማንሳት ያቅትሃል፣ እንጀራ ስትቆርስ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ወፉ ግን አይደክመውም። የጎረቤት ልጅ ነበር፣ እንደሱ የሚወነጭፍ በሰፈሩ አልነበረም፣ ድንጋዩ ሲሄድ ያፏጫል። ሁለት ቀን ነው ግን። ከዚያ ክንዱን በነጠላ አስሮ ሲዞር ታየዋለህ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ውርወራው የለዘበ ነበር፣ ሆኖም አጨዳው እስኪደርስ ማማው ላይ ነው። አባታችን ማሽላውን ለማን ነበር የሚያምነው መሰላችሁ?

እሺ፣ ወደ ክርክሩ። ጋሼ ባልቲሞር የሚምሉት በ1971ዱ ኦሪዮልስ ነው፣ በከተማቸው ቡድን። ወርዋሪዎቹ፦ ጂም ፓልመር፣ ዴቭ ማክናሊ፣ ማይክ ክዌያር፣ ፓት ዶብሰን። ማክናሊ 21፣ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 20 ጨዋታ አሸነፉ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቡድን። እንዲህ ያደረገ ሌላ ቡድን የ1920ው ቺካጎ ዋይት ሶክስ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን 20 ቢያሸንፍ ዜና ነው። ጋሼ ይሄን ሲያወሩ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ፣ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ያዩሃል።

ግን እኮ ወርዋሪ አሸነፈ የሚባለው ቡድኑም ሲያገባለት ነው። አንተ ላይ ሁለት ነጥብ ተቆጥሮ መቺዎችህ ስድስት ካገቡ አሸናፊ ነህ፣ አንድ ብቻ ተቆጥሮብህ እነሱ ዜሮ ከሆኑ ተሸናፊ ነህ። ኦሪዮልስ ደግሞ በዱላ ፍራንክ ሮቢንሰንና ቡግ ፓውል ነበሩት፣ ሦስተኛው ቤዝ፣ ሯጩ የሚረግጠው ሦስተኛ ጣቢያ፣ ላይ ብሩክስ ሮቢንሰን፣ ወደሱ የሄደ ኳስ አለቀለት። በዚያ ላይ ፍጻሜውን፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የሚወስደውን፣ በፒትስበርግ 4 ለ 3 ተሸነፉ። ይሄን እኔ ለጋሼ አላነሳም፣ ነውር ነው። የአትላንታው ልጅ ግን ያነሳዋል፣ ያኔ ጋራዡ ይናወጣል።

የልጁ መልስ የዘጠናዎቹ ብሬቭስ ነው፣ የአትላንታው ቡድን። ግሬግ ማደክስ፣ ቶም ግላቪን፣ ጆን ስሞልትዝ። ሳይ ያንግ የሚባል ሽልማት አለ፣ ከሁለቱ ሊጎች በየሊጉ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጥ። ከ1991 እስከ 1998 ባሉት ስምንት ዓመታት የሊጋቸውን ስድስት ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ለአትላንታ እየወረወሩ ወሰዱት። የጋሼ መልስ አጭር ነው፦ "ታዲያ ዋንጫው የታለ? አንድ?" እውነት ነው፣ አንድ ነው፣ የ1995ቱ። የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ግላቪን ክሊቭላንድን ስምንት ኢኒንግ ሙሉ፣ ማለት ከዘጠኙ ዙር ስምንቱን፣ አንድ ሂት፣ ቤዝ ያደረሰ አንድ ምት ብቻ ሰጥቶ 1 ለ 0 አለቀ። አንዷም የገባችው በዴቪድ ጀስቲስ ሆም ራን፣ ኳሱን ከአጥር ውጭ በላከው ምት ነው። ግላቪን ያን ቀን እንደዚያ ወርውሮ ጀስቲስ ባይመታስ?

እዚህ ጋ ነው ዋንጫ ቆጠራው እኔን የማያሳምነኝ። የ2011ን ፊላዴልፊያ ተመልከቱ፣ ሮይ ሃላዴይ፣ ክሊፍ ሊ፣ ኮል ሃምልስ፣ ሮይ ኦስዋልት፣ ወረቀት ላይ ስታየው ያስፈራል፣ 102 ጨዋታ አሸነፉ። ከዚያ ኦክቶበር ላይ በመጀመሪያው ዙር ሴንት ልዊስ አስወጣቸው፣ የመጨረሻው ጨዋታ 1 ለ 0። ሃላዴይ ስምንት ኢኒንግ ወርውሮ አንድ ብቻ ነው የተቆጠረበት። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ ሰውዬው፣ ዱላ ይያዝ?

አሁን የልቤን ላውራ። የ2019ኙ ናሽናልስ። የኛ፣ የዲሲ። ሜይ ላይ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር፣ ሰው ሁሉ ቀብሯቸዋል። ቡልፔናቸው ከናሽናል ሊግ የመጨረሻው ነበር፣ ሬዲዮ ላይ የቡልፔኑ በር ተከፈተ ሲባል ድምፁን የምቀንስበት ጊዜ ነበር። ግን ማክስ ሸርዘር አለ፣ ስቲቨን ስትራስበርግ አለ፣ ፓትሪክ ኮርቢንና አኒባል ሳንቼዝ አሉ። ፍጻሜው ላይ የገጠማቸው ሂውስተን ነው፣ ጀስቲን ቨርላንደርና ጌሪት ኮልን የያዘ፣ ሁለቱም በዚያ ዓመት 300 እና ከዚያ በላይ መቺ ሳያስመቱ ያሰናበቱ፣ ሦስተኛቸው ዛክ ግሬንኪ። ሰባተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 30 ነበር፣ በኛ ጥቅምት 19፣ ልክ የማሽላው ሰሞን። ሸርዘር ከሦስት ቀን በፊት አንገቱን ማዞር አቅቶት ሳይጫወት የቀረ ሰው ነው፣ ያን ቀን አምስት ኢኒንግ ወረወረ። ከዚያ ቡልፔኑ እንዳይነካ ጀማሪው ኮርቢን ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ዘጋ። በሰባተኛው ኢኒንግ ሃዊ ኬንድሪክ የመታው ኳስ የቀኙን ምሰሶ ነካ፣ ሆም ራን ማለት ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ጩኸቴ ሲያስተጋባ ራሴን ደነገጥኩ። 6 ለ 2። ለዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

የዚያ ፍጻሜ ኮከብ ስትራስበርግ ነበር። ታሪኩን የዲሲ ሰው ያውቀዋል። በ2010 ሲጀምር በመጀመሪያው ጨዋታ 14 ሰው አሰናበተ፣ በዚያው ዓመት የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቶሚ ጆን የሚባለውን ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ2012 ቡድኑ ክንዱ ይትረፍ ብሎ ሴፕቴምበር ላይ አስቆመው፣ ያለሱ ወደ ኦክቶበሩ የዋንጫ ጨዋታ ገብተው ተሸነፉ፣ ከተማው ለዓመታት ተጨቃጨቀበት። በ2019 ግን እንደ ልቡ ወረወረ። ከዚያ የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከፈረመ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ስምንት! በ2024 መጫወት ማቆሙ በይፋ ተነገረ። ሰው "ገንዘቡን በላ" ሲል እበሳጫለሁ፣ ገንዘቡን አልበላም፣ ክንዱን በላነው።

ስለዚህ ናሽናልስ ማለት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ያ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አንድ ጥቅምት ያፏጫል፣ ከዚያ ነጠላ።

ማደክስን ደግሞ እዩት። ኳሱ ከብዙዎቹ የዘገየ ነበር፣ መልኩም የባንክ ሠራተኛ ነው የሚመስለው። ግን የፈለገበት ቦታ ያሳርፈዋል፣ 23 ሲዝን ወረወረ፣ ከ5,000 ኢኒንግ በላይ፣ 355 ጨዋታ አሸነፈ። ግላቪን 305። ስሞልትዝ እንኳ በ2000 ክርኑን ተቀዶ ዓመቱን ሙሉ ከቀረ በኋላ ተመልሶ ጨዋታ ዘጊ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ገብቶ ድሉን የሚያስጠብቅ፣ በ2002 ብቻ 55 ዘጋ። ሦስቱ ከ1993 እስከ 2002 አንድ ማማ ላይ ነበሩ።

ትናንት ጠዋት ሁለቱንም ጠርቼ "አትላንታ" አልኳቸው። የማሽላውን ነገር፣ የወንድሜን፣ ሁሉንም አስረዳሁ። ልጁ ጮቤ ረገጠ፣ ቡና በኔ አለ። ጋሼ ምንም አላሉም። ቀኑን ሙሉ ዝም። ማታ ፈረቃቸው አልቆ ጃኬታቸውን እየለበሱ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

"ፓልመር 19 ሲዝን ወረወረ" አሉኝ። "አሥራ ዘጠኙንም ለባልቲሞር። ግላቪን የት ሄደ? ኒውዮርክ። ማደክስስ? ቺካጎ። እስቲ ንገረኝ፣ ያ ወንድምህ ያባትህን ማሽላ ትቶ የጎረቤት ሊጠብቅ ሄዶ ያውቃል?"

ሳቅሁና መልስ ሳልሰጥ ቁልፌን አነሳሁ። እውነቱን ለናንተ ልንገራችሁ፣ አንድ ዓመት ሄዷል፣ የተሻለ ስለከፈሉት። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም።