ከጨጓራ የወጣ ቅርፊት፦ የተበላው ክሪል ቁመቱ ስንት ነበር?

ሰላማዊት፦ ዛሬ የዓሣ ጨጓራ እንከፍታለን። ቦታው ደቡብ ጆርጂያ ነው፤ ወደ አንታርክቲካ በሚወስደው ባሕር ላይ ያለች ደሴት። ዓሣው ደሙ ቀይ ያልሆነው የበረዶ ዓሣ ነው፤ ምግቡ ደግሞ ሽሪምፕ የሚመስለው ክሪል። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ጨጓራው ውስጥ የሚገኘው እኮ ሊጥ የመሰለ ነገር ነው። ከዚያ ውስጥ የክሪሉ ቁመት እንዴት ይገኛል?

ዳዊት፦ ሥጋው ቶሎ ይሟሟል፤ ቅርፊቱ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ሙሉ ክሪል አንጠብቅም። ጭንቅላቱንና ደረቱን የሚሸፍነውን ቅርፊት ወይም ዓይኑን እንፈልጋለን። ዓይኑ ጥቁር አዝሙድ ይመስላል፤ ከዚያ ሁሉ ሊጥ መካከል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰላማዊት፦ ዓይን ተለክቶ ቁመት ይታወቃል?

ዳዊት፦ ይታወቃል፤ አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ ግን አለ። በመረብ የተያዙ፣ ያልተጎዱ ክሪሎች ሙሉ ቁመታቸውም ቅርፊታቸውም ዓይናቸውም ይለካል። ቁጥሮቹ ግራፍ ላይ ሲቀመጡ መስመር ይዘው ይሰለፋሉ። ከዚያ በኋላ ከጨጓራ የወጣችውን ቁራጭ ለክቶ ቁመቱን ከመስመሩ ላይ ማንበብ ነው። መስመሩ ግን የዚያው ዝርያ መሆን አለበት። የወንዱና የሴቱ ቅርፊትም ከቁመታቸው ጋር ያለው ዝምድና አንድ አይደለም።

ሰላማዊት፦ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብንስት ምን ይጎዳል?

ዳዊት፦ ክብደት ላይ ስትደርሺ በጣም ይጎዳል! ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። የ60 ሚሊ ሜትሩን ክሪል ከ30ው ጋር አስተያዪው። ቁመቱን በ10 በመቶ አብዝተሽ ከገመትሽ ክብደቱ በ33 በመቶ ይንራል። ያ ስህተት ዓሣው ምን ያህል በላ ወደሚለው ስሌት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአንታርክቲካ ባሕር ስምምነት ደግሞ መርከቦች እንዲያጠምዱ የሚፈቀደው የክሪል መጠን ሲወሰን ክሪል በሊታዎቹም እንዲታሰቡ ያዛል። የአንዲት ቅርፊት ልኬት እስከዚያ ድረስ ትሄዳለች።

ሰላማዊት፦ ትናንሾቹስ ክሪሎች?

ዳዊት፦ ቅርፊታቸው ስስ ስለሆነ ቀድመው ይጠፋሉ። ዓሣው የበላው ሁሉ ትልልቅ ይመስለናል። ስለዚህ ምግቡ ብዙም ያልተፈጨበትን ጨጓራ መምረጥ ይሻላል።

ሰላማዊት፦ እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ክሪል ያጥራል መባሉ ነው።

ዳዊት፦ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ማመን አቅቶኝ ነበር። ምግብ ሲያጣ አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ ከበፊቱ ያነሰ ይለብሳል። በቤተ ሙከራ ከ200 ቀናት በላይ ሳይመገቡ የቆዩ ክሪሎች በዚህ መንገድ እያነሱ ሄደዋል። ዓይናቸው ግን እንደ አካላቸው አያንስም።

ሰላማዊት፦ እንግዲያው በዓይን ብቻ ከለካን የተራበውን ክሪል ከሆነው በላይ ትልቅ አድርገን እንመዘግበዋለን!

ዳዊት፦ አዎ። ለዚህ ነው ዓይንና ቅርፊት ሳይላቀቁ ከተገኙ ሁለቱም ይለኩ የምለው። ዓይኑ ትልቅ፣ ቅርፊቱ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ያ ክሪል ዓሣው ሳይደርስበት በፊት ረጅም ረሃብ አሳልፎ ሊሆን ይችላል።