ፕሪንተሩ ይሸጥ ወይስ ይቆይ? የሊቀ መንበሩ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ውድ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ማኅበራችን አባላት፣

እንኳን ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹን የፈቀዱልንን፣ ቡና ያፈሉልንን እህቶቻችንን፣ ወንበር የደረደሩትን ወጣቶች አመሰግናለሁ።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ ልበል። የጥምቀት ኤግዚቢሽናችን ተካሂዷል። ለጀማሪዎች የመብራት አጠቃቀም ሥልጠና ሰጥተናል። የቢሮ ኪራይ ውዝፍ የለብንም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀሪውን ጸሐፊያችን ካባዙት ወረቀት ላይ ታነቡታላችሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳጨቃጨቀን ጉዳይ ልግባ። ትልቁ ፕሪንተር።

ባለ 44 ኢንቹ ማሽን ቢሯችን የገባ ቀን የነበረውን ደስታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፍሌክስና ባነር የሚያትም ቤት በየሰፈሩ ሞልቷል፤ በጥጥ ወረቀት ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በዚያ ስፋት የሚያወጣ ግን ፈልጎ ማግኘት ያደክም ነበር። በዚህ ማሽን ኮርቻለሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ።

ይሁን እንጂ ማሽኑ የሚሠራው በፒግመንት ቀለም ነው። ፒግመንት ደቃቅ ብናኝ ስለሆነ ቆሞ ሲከርም ይዘቅጣል፣ ቀለሙን በሚረጨው ክፍል፣ በሄዱ ላይ፣ ይደርቃል፤ የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ያብስበታል። መድኃኒቱ ሥራ ነው። ሥራ ሲጠፋ ማሽኑ ሄዱን በቀለም እንዲያጥብ ክሊኒንግ እናዛለን፤ ያ ማለት በውድ የተገዛ ቀለም አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነካ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይሄዳል ማለት ነው። ከግሎሲ፣ ከሚያብረቀርቀው ወረቀት፣ ወደማያብረቀርቀው ማት፣ ከማት ወደ ግሎሲ ባዘዋወርን ቁጥርም ጥቁሩ ቀለም ይባክናል። ተነጋግራችሁ ሥራችሁን በአንድ ቀን አምጡ ብለን ስንት ጊዜ ለመንን?

ለኤግዚቢሽኑ የአንዲት እናት ፎቶ ስናትም ጥለቱ አምሮ ወጣ። የነጠላው ነጭ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ቀጭን መስመር ተጋድሟል። የሄዱ ቀዳዳዎች መደፈናቸውን የሚያሳየውን የሙከራ ህትመት፣ ኖዝል ቼክ፣ ብናወጣ የፈዛዛው ግራጫ መስመሮች ተቆራርጠዋል። ያን ሌሊት ሄዱን ሲያጸዱ ያደሩት ሁለት ልጆች እዚህ ተቀምጠዋል፤ እነሱ ይመስክሩ።

ሄዱ ጨርሶ ከሞተ እንደ ካርትሪጅ ነቅለን የምንተካው ዓይነት አይደለም። ዕቃው የሚመጣው ከውጭ፣ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ማለፉን ሁላችሁም በኪሳችሁ አይታችሁታል። የእኛ መዋጮ ግን እዚያው ድሮ የነበረበት ነው። እሱም ከተከፈለ!

«አይሸጥም፣ ቅርሳችን ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ይጽፋሉ። ዛሬ ግን ፊታቸውን ፈልጌ አጣሁ። ከመካከላቸው አንዱ የኤግዚቢሽን ሥራውን ሌላ ቤት አሳትሞ፣ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጥፎ «እንዴት ነው?» ብሎናል። ስሙን አልጠራም። ንግግሩ እየተቀረጸ ስለሆነ ይደርሰዋል። ወንድሜ፣ ህትመቱ ቆንጆ ነው፤ እኛ ማሽን ላይ ቢሆን ኖሮ ለእኛም ቆንጆ ነበር።

እኔ በበኩሌ ይሸጥ ባይ ነኝ። ዛሬ ኖዝል ቼኩ ንጹሕ ስለሚወጣ ገዢ እንደሚሠራ ማሽን ይወስደዋል። የሚመጣውን በጋ ቆሞ ካሳለፈ የሚፈልገው መለዋወጫ የሚነቅል ብቻ ነው። ዋጋ ያቀረበ ሰው አለ፤ ስንት እንዳለ በር ተከፍቶ አልናገርም፣ ደላላ ጆሮው ረጅም ነው።

ይቆይ የምትሉም መብታችሁ ነው። ግን በባዶ አፍ አይሆንም። በየወሩ ቢያንስ አንድ ሥራ አመጣለሁ፣ ሒሳቡንም ቀድሜ እከፍላለሁ የሚል መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ማሽኑን በየሳምንቱ የሚያንቀሳቅስ ፊርማ ከተገኘ ሐሳቤን አነሳለሁ፤ የራሴንም ፊርማ አኖራለሁ።

እንግዶቻችን ቡና ሲጠጡ እኛ ዘግተን እንወያያለን። ድምፅ የሚሰጠው እዚህ የተገኘና መዋጮውን ያጠናቀቀ አባል ነው፤ በቴሌግራም ውክልና አንቀበልም። ውዝፍ ያለባችሁ፣ ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዘው በሩ አጠገብ ስላሉ ከስብሰባው በፊት ጨርሱ።

ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።