የኢሲደብሊው ኪሳራ እና የተፋላሚዎቹ ያልተከፈለ ገንዘብ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ በፊላዴልፊያና በአካባቢዋ የራሳችሁን ሥራ የምታንቀሳቅሱ ወገኖቼ፣

ስለ ንግድ ኪሳራ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ በዚህችው በምንኖርባት ከተማ ተመሥርቶ ስም ያወጣውን፣ በኋላም በዕዳ ተውጦ የተዘጋውን የሬስሊንግ ድርጅት ታሪክ ይዤ መቅረብን መረጥሁ። የሬስሊንግ ፍልሚያ ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን ትርዒት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በመድረኩ ላይ የሚፈሰው ደምም ሆነ ተፋላሚው ለቤት ኪራዩ የሚጠብቀው ክፍያ እውነተኛ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚያ ክፍያ ነው።

ድርጅቱ ኤክስትሪም ቻምፒየንሺፕ ሬስሊንግ፣ በአጭሩ ኢሲደብሊው ይባል ነበር። በ1992 በቶድ ጎርደን ተመሥርቶ በኋላ በፖል ሄይማን እጅ የገባ ሲሆን፣ መናኸሪያውም በደቡብ ፊላዴልፊያ፣ ከአይ-95 አውራ ጎዳና ሥር የሚገኝ የቢንጎ መጫወቻ አዳራሽ ነበር። ተመልካቹ ተፋላሚዎቹ እንዲመታቱበት መጥበሻውን ሳይቀር ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ደንበኛ ያለው ነጋዴ ይከስራል ብሎ ማን ያስባል?

ችግሩ የነበረው ገንዘቡ በሚገባበትና በሚወጣበት ጊዜ መካከል ነው። ድርጅቱ በኤፕሪል 1997 ተመልካቹ እየከፈለ በቤቱ የሚያየውን የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ትርዒት አቀረበ። ከዚህ ዓይነቱ ትርዒት የሚገኘው ድርሻ ግን በአከፋፋዩ በኩል አልፎ ከወራት በኋላ የሚደርስ ሲሆን፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የቀረጻ ወጪና የተፋላሚዎች ክፍያ ቀን አይሰጡም። በኦገስት 1999 ቲኤንኤን በተባለው ጣቢያ አገር አቀፍ ሥርጭት ሲያገኝ ብዙዎች ዳነ ብለው ነበር፤ ወጪው ግን አብሮ አደገ፣ ጣቢያውም ከዓመት በኋላ የትልቁን ተፎካካሪ የደብሊውደብሊውኤፍን ዝግጅት ወስዶ በኦክቶበር 2000 የኢሲደብሊውን ሥርጭት አቋረጠ።

በዚሁ መካከል ታዋቂዎቹ ተፋላሚዎች አንድ በአንድ ወደ ሀብታሞቹ ተፎካካሪዎች ሄዱ። በኤፕሪል 2000 የድርጅቱ ሻምፒዮን ማይክ ኦሳም የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ገና ሳያስረክብ ደብሊውሲደብሊው በተባለው ተፎካካሪ ቴሌቪዥን ላይ ታየ። ቀበቶውን ለማስመለስ የተደረገው ፍልሚያ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በኢሲደብሊው መድረክ ቢካሄድም፣ ያሸነፈው ታዝ ያን ጊዜ የደብሊውደብሊውኤፍ ሰው ነበር። የአንድን ድርጅት ከፍተኛ ማዕረግ የሌሎች ሁለት ድርጅቶች ሠራተኞች ሲቀባበሉት ማየት፣ ለእኔ ከማንኛውም የሒሳብ መግለጫ በላይ የአቅም ማለቅን ያሳያል።

የመጨረሻዎቹ ወራት ክፍያ የሚዘገይባቸው፣ አንዳንዱም ቼክ በቂ ስንቅ ሳይኖረው የሚመለስባቸው ነበሩ። ተፋላሚዎቹ ግን መሥራታቸውን አላቆሙም፤ የመጨረሻው ዝግጅት በጃንዋሪ 2001 በአርካንሳስ፣ ፓይን ብላፍ ተካሄደ። በማርች ወር መጀመሪያ ሄይማን በተፎካካሪው በደብሊውደብሊውኤፍ ቴሌቪዥን ላይ በኮሜንታተርነት ቀረበ፤ ኩባንያው የኪሳራ ማመልከቻውን ለፍርድ ቤት ያስገባው ከዚያ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ በኤፕሪል 4 ነው።

በማመልከቻው ውስጥ የሰፈረውን ዝርዝር በጥሞና እንድታዳምጡ እለምናለሁ። ወደ 8.9 ሚሊዮን ዶላር ከሚጠጋ ዕዳ አንጻር የተመዘገበው ሀብት 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 860,000 ዶላሩ ከቴሌቪዥን አከፋፋዩ፣ ከቪዲዮ ጌም ኩባንያና ከአሻንጉሊት አምራች የሚጠበቅ፣ እጅ ያልገባ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። የቪዲዮ ክምችቱ 500,000፣ የ1998 ሞዴል ፎርድ መኪና 19,500፣ የቀረው የሽያጭ ዕቃ ደግሞ 4,000 ዶላር ተገምቷል። ከገንዘብ ጠያቂዎቹ መካከል ሮብ ቫን ዳም በ150,000፣ ቶሚ ድሪመር በ100,000 ዶላር ተመዝግበዋል።

በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ተቀጣሪ ሠራተኛ ላልተከፈለው የቅርብ ጊዜ ደመወዝ እስከ ተወሰነ መጠን ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ቀድሞ የመከፈል መብት አለው። የሬስሊንግ ተፋላሚዎች ግን በዚህ ሙያ በተለምዶ የሚሠሩት እኛ በግብር ቅጹ ቁጥር በ1099 እንደምንለው፣ በግል ተቋራጭነት ነው። ስለዚህ እንደ ተቀጣሪ ካልተቆጠሩ በስተቀር፣ ሰውነታቸውን ለገበያ ያቀረቡት ሰዎች ከአታሚውና ከማስታወቂያ ድርጅቱ ጋር በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ ማለት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሕጋዊ መሆኑም አያጽናናኝም።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በ1099 ታሠራላችሁ፣ ሌሎቻችሁም ትሠራላችሁ። አሠሪ የሆናችሁ፣ የሚቀጥለው ክፍያ ከሚጠበቀው ተሰብሳቢ ገንዘብ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ ይህንን ለሠራተኞቻችሁ ቼኩ ከመመለሱ በፊት ንገሯቸው። ሌላ ሥራ መፈለግ ወይም ብድር መጠየቅ የሚችሉት ያኔ ብቻ ነው። በግል ተቋራጭነት የምትሠሩ ደግሞ ሁለት ክፍያ ከተጠራቀመባችሁ ሦስተኛውን በመተማመን አትሥሩ፤ የሚገባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ሰነዱንም አስቀምጡ።

የኢሲደብሊው ስምና የቪዲዮ ክምችት በ2003 በዚያው በቀድሞው ተፎካካሪ፣ ስሙን ደብሊውደብሊውኢ ብሎ በቀየረው ኩባንያ እጅ ገባ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ያልተከፈለ ገንዘብ የምትጠይቁበት ጉዳይ ያላችሁ፣ በዝርዝር ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።