«አንተ የማን ነህ?»

ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነው የማወራው። የማነሳው ነገርም ትንሽ ያሳፍረኛል።

በድለላ ሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ አዛውንት ቤታቸውን እንድሸጥላቸው ሰጡኝ። ቁልፉን ሲያቀብሉኝ «ልጄ፣ ከወር በላይ መጠበቅ አልችልም። ይህን ግን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሦስተኛዋ ገዢ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ነበሩ። ቤት ማየት ያውቁበታል። ቧንቧ ከፍተው የውሃውን ግፊት አዩ። የመኝታ ቤቱን በር ሁለቴ ከፍተው ሁለቴ ዘጉ። ከዚያ ደረጃው ላይ አረፍ አሉና «እንደ እናትህ ቁጠረኝ። ከዚህ ዋጋ ይወርዳሉ?» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «እማማ፣ ትንሽ ይበርቱባቸው። ሰውየው ቸኩለዋል።»

በቃ፣ ይችው ናት። ቤቱ መጀመሪያ ከተጠራው ዋጋ 9 ከመቶ ወርዶ ተሸጠ። አዛውንቱ ፈርመው ሲጨርሱ ኮሚሽኔን ሳያጓድሉ ሰጡኝ፤ መረቁኝም። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሂሳቡን የሠራሁት ቆይቼ ነው። ኮሚሽኑ 2 ከመቶ ነው እንበል። ቤቱ በ100 ቢሸጥ ለእኔ 2 ይደርሰኛል። በ91 ሲሸጥ 1.82። እሳቸው ወደ 9 ሲያጡ እኔ ያጣሁት 0.18 ነው። ለእኔ የሚሻለኝ ቶሎ ተሸጦ ወደሚቀጥለው ቤት ማለፍ ነበር። ለእናትየው አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን አታልያለሁ፤ ኪሴም አብሮ ሲናገር ነበር።

እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅኩት ደግሞ ከአንድ ጥናት ነው። ስቲቨን ሌቪት እና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቤቶችን መረመሩ። ጥናቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ገበያ ላይ በአማካይ 9.5 ቀን የበለጠ ያቆዩታል፤ ዋጋውም 3.7 ከመቶ ይበልጣል። ለራሳችን ስንሆን ትዕግሥት አለን ማለት ነው።

ሥራውን የጀመሩ ልጆች አሁን እየደወሉ ይጠይቁኛል። አብዛኛው ጥያቄ የኮሚሽን ነው። «ቤቱን መጀመሪያ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ሽያጩን የጨረሰው ሌላ ነው። ድርሻዬስ?» እኔ መልሼ ከባለቤቱ ጋር ምን ዓይነት ውል እንዳላቸው እጠይቃለሁ። ዝም ይላሉ። ውል የለማ!

ቤቱ ለአምስት ደላላ ክፍት ከሆነ የሚከፈለው ገዢውን ላመጣው ነው። ሌሎቹ አራቱ ድካማቸውን ይዘው ይቀራሉ። ብቸኛ ደላላ ሆነህ ብትዋዋልም ውሉ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ባለቤቱ ገዢውን ራሱ ካገኘ አንተ ምንም የለህም። በሌላው ማንም ይሽጠው ማን ይከፈልሃል። በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስንቱን ጓደኛ አጣልቷል መሰላችሁ። «መጀመሪያ አሳይቻለሁ» የሚለው ደግሞ ብቻውን እምብዛም አያስኬድም። የሚታየው ሽያጩን ያመጣው የማን ጥረት እንደሆነና ያ ጥረት መሀል ላይ ተቋርጦ እንደሆነ ነው። አንዴ በር ከፍቶ ሦስት ወር የጠፋ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ገዢና ሻጭ ተስማምተው የውሉ ጊዜ እስኪያልፍ የሚጠብቁም አሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውሉ ካለቀም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ አንተ ላሳየሃቸው ሰዎች ከተሸጠ እንዲከፈልህ አስጽፍ። ስማቸውንም በጽሑፍ ለባለቤቱ ስጥ። እኔ ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር እጽፋለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች፤ ትሳቅ።

አንድ ነገር ግን እንዳትነኩ። ባለቤቱ «እኔ ይህን ያህል ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው ያንተ ነው» ሲል አትቀበሉ። ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ለባለቤቱ እውነቱን መናገር ያለብህ አንተ፣ ዋጋው ዝቅ ብሎ ቢታሰብ የምትጠቀመውም አንተ ነህ። በብዙ ቦታ በሕግ የተከለከለው ለዚህ ነው።

ከገዢም ከሻጭም መቀበልስ? ሁለቱም አውቀው በጽሑፍ ከተስማሙ፣ ሕጉም ከፈቀደ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን መሀል ቆመሃል። የአንዱን ምስጢር ለሌላው አትወስድም። ማማከር የሚሉትንም ግማሹን ትተኸዋል። እኔ አልወደውም።

አሜሪካ ውስጥ ከኦገስት 2024 ወዲህ የደላሎችን የጋራ የቤት መዝገብ የሚጠቀምና ለገዢ የሚሠራ ደላላ ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዢው ጋር በጽሑፍ መዋዋል አለበት፤ ክፍያውም እዚያው ይጻፋል። ከትልቅ የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ የመጣ ነው። አንዳንዱ ደላላ አማረረ። እኔ ግን ያቺ ደረጃ ትዝ አለችኝ። እናትየው ያኔ የማን እንደሆንኩ ቢያውቁ ጥያቄውን ይጠይቁኝ ነበር? ብነግራቸውስ ኖሮ አፌ እንዲህ ያመልጠኝ ነበር?

አሁን ቁልፉን በሩ ውስጥ ሳላዞር እናገራለሁ። «የሻጩ ደላላ ነኝ። ለኔ የነገራችሁኝን ለእሳቸው ነግሬያለሁ ማለት ነው።» ባለፈው ሳምንት ለአንድ ባልና ሚስት እንዲሁ አልኩ። ባልየው «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ሳቀ። ቤቱን አይተው ሲጨርሱ ሚስትየው እጁን ይዛ እስከ አጥሩ በር ድረስ ወሰደችው። እዚያ ቆመው ሲንሾካሾኩ አሥር ደቂቃ ያህል ሆነ። እኔ ሳሎን ውስጥ ቆሜ የወለሉን ንጣፍ እቆጥር ነበር።