ባነሩ ይቅር
(ጳጉሜ ላይ በደብረ ብርሃን ለተሰበሰቡ የእግር ኳስ ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ?

አርሰናሎች፣ ማንቼዎች፣ ሊቨርፑሎች፣ ቼልሲዎች፤ እዚህ ዲኤስቲቪ ቤት ሳትጯጯሁ ተቀምጣችሁ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼም ግራ ገብቷቸው ነው በር ላይ ቆመው የሚያዩን። ብርዱን ስለምታውቁት አላስረዝምም።

የተሰበሰብነው ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተር ለማዋጣት ነው። አምናም ሰብስበናል፤ ጥሩ ሠርተናል። አንድ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከርሟል። ልጆቹን አሰለፍናቸው። ደብተር አስያዝናቸው። ከኋላቸው ባነራችንን ዘረጋን። ከዚያ የማን ፎቶ ብዙ ላይክ አገኘ ብለን ተፎካከርን። አንዱ ልጅ ደብተሩን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ። «ዝቅ አድርገው እንጂ፣ ፊትህ አልታየም» ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም።

ልጁ ያፈረው ደብተር ስለተሰጠው አይመስለኝም። በነጋታው ክፍል ውስጥ ያንን ፎቶ ማን ማን እንደሚያየው ስላወቀ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ የሆላንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2016 ነው፤ በእኛ የ2009 እንቁጣጣሽ ዕለት ማለት ነው። የሄግ ከተማው ክለብ አዶ ዴን ሃግ ሮተርዳም ሄዶ ከከተማዋ ክለብ ከፌይኖርድ ጋር ይጫወታል። የአዶ ደጋፊዎች የተቀመጡት ከላይ ነው። ከእነሱ በታች ከሮተርዳም የሕፃናት ሆስፒታል የመጡ ልጆች አሉ። እንግዶቹ በሻንጣና በፌስታል ይዘው የመጡትን አሻንጉሊት ወደ ታች ያዘንቡት ጀመር። ድብ፣ ጥንቸል፣ ምኑ ቅጡ! ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ይቀልባሉ። ልብ በሉ፣ የባላጋራቸው ከተማ ልጆች ናቸው። ጨዋታውን ደግሞ 3 ለ 1 ተሸንፈው ነው የተመለሱት።

ካሜራ አልነበረም አልልም፤ ቪዲዮው ዓለምን ዞሯል። ግን አሻንጉሊቱ የወረደለት ልጅ ማን እንደወረወረለት አያውቅም። ቆሞ «አመሰግናለሁ» በል ያለውም የለም። እኔን የገረመኝ እሱ ነው።

የስኮትላንዱን ክለብ ሴልቲክን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1887 ግላስጎው ውስጥ ሲመሠረት ዓላማው ዋንጫ አልነበረም። ብራዘር ዋልፍሪድ የሚባሉ አየርላንዳዊ የሃይማኖት ሰው ለድሃ ልጆች ምሳ የሚሆን ገንዘብ ፈልገው ነው ክለቡን ያቋቋሙት። ስለዚህ ኳስና የልጅ ሆድ ዛሬ አልተዋወቁም።

ወደ እኛው ልመለስ። ዘንድሮ ደብተሩን ለመምህራን እንስጥ። ማን እንደቸገረው ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ፤ ጠርተው በጓዳ ይሰጡታል። ፎቶ የግድ ካላችሁ ክምሩን አንሱ። ደብተር አያፍርም።

ሁለተኛ፣ ነገሩ የጳጉሜ ብቻ አይሁን። ደብተር ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ሹራብ ያስፈልጋል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለባት ከተማ ልጅ እየተንቀጠቀጠ ትምህርት ቤት ሲሄድ ማየት ይከብዳል። ከቀዬአቸው ተፈናቅለው እዚሁ የተጠለሉትንም አትርሱ፤ ብዙዎቹ የደጋውን ብርድ አልለመዱትም።

እኛ ቅዳሜና እሁድ ዝናብም ቢሆን ከዚህ ቤት አንቀርም። ታዲያ ቡድኑ የተሸነፈበት ደጋፊ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ደብተር ይዞ ይምጣ። ማንቼዎች፣ በዚህ አያያዛችሁ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ልታስተምሩ ነው! አርሰናሎች አትሳቁ፣ ገና ግንቦት አልደረሰም።

ካርቶኑ በሩ ጋ ነው። የክለብ ስም አልተጻፈበትም፤ እንዳትጽፉበትም። ጳጉሜ 5 ማታ ይታሸጋል። ባነሩን የሚያጥብ ካለ ግን ይውሰደው። ለቀጣዩ ጨዋታ እዚሁ እንሰቅለዋለን።